ሰባት ኪሎ ለቀርጤስ

ትኬቱን ስገዛ ሰባት ኪሎ የእጅ ሻንጣ ብቻ የሚፈቅደውን መረጥሁ። ተሳስቼ አይደለም፤ ርካሽ ስለሆነም ብቻ አይደለም። ሆን ብዬ ነው።

የእኛ ሰው ምክንያቱ ወዲያው ይገባዋል። በእኛ ዘንድ "እሄዳለሁ" ያለ ሰው ሻንጣው የራሱ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አገር ቤት ስሄድ አርባ ስድስት ኪሎ ይዤ ነበር። የእኔ ሁለት ሸሚዝና አንድ የጥርስ ብሩሽ ነው፤ የቀረው የሰው ቪታሚን፣ የሰው ጫማ፣ የሰው የሕፃን ወተት። ከሦስት ሳምንት ፈቃዴ አሥራ አንዱን ቀን ከሰሚት አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሳሪስ እየተመላለስሁ እቃ ሳድል ጨረስሁ። ነቀምቴ ሄጄ ከእናቴ ጋር የተቀመጥሁት አራት ቀን ብቻ ነው። በዚያ ላይ አንድ የግራ እግር ጫማ ጠፋ። ላኪው ሰውዬ እስከ ዛሬ ሲጨብጠኝ መጀመሪያ የሚያየው እግሬን ነው።

ስለዚህ ሰባት ኪሎ።

ስሜ ሮቤራ ነው። ሜልቦርን፣ ያራቪል በሚባል ሰፈር፣ ወደቡ አጠገብ ባለ መጋዘን እቃ የሚያነሣ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ከኮንቴይነር የማወርደው የወይራ ዘይት ነው። በየካርቶኑ ጎን አንድ ሥዕል አለ። ጠመዝማዛ መንገድ፣ በአንዱ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ባሕር፤ ከሥሩ የደሴቲቱ ስም፣ ቀርጤስ። መጀመሪያ ነገሬ አላልሁትም። ካርቶኖቹ የተደረደሩበትን ፓሌት ከፍ ሳደርግ ግን ሥዕሉ ከዓይኔ ትክክል ይመጣል። መንገዱ ተራራውን ይዞ ይሄድና ይታጠፋል፣ ከዚያ አይታይም። ከእጥፋቱ ወዲያ ምን እንዳለ ማወቅ ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

በሕይወቴ መንገድ መርጬ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ከነቀምቴ አዲስ አበባ ስመጣ በኪሴ የአጎቴ አድራሻ ነበር። ናይሮቢ ስሄድ የአንድ የማላውቀው ሰው ስልክ ቁጥር በካልሲዬ ውስጥ ነበር። ሜልቦርን ስደርስ የእትዬ ማንተግቦሽ አድራሻ በእጄ ነበር፤ እስካሁንም የምኖረው እሳቸው ጓሮ ባለው ክፍል ውስጥ ነው። ሁልጊዜ የሚጠብቀኝ ሰው ወይም የማደርሰው ነገር ነበር። አሁን መንጃ ፈቃድ አለኝ። በአራተኛው ፈተና ነው ያለፍሁት፣ ግን አለኝ። በኪሴ የማንም አድራሻ ሳይኖር፣ ዘጠኝ ቀን፣ በዚያ መንገድ ላይ መንዳት ፈለግሁ።

ትኬቱንና ትንሿን መኪና ቡክ ያደረገችልኝ የእትዬ ማንተግቦሽ ልጅ ሆሳዕና ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ለማንም እንዳትናገር አስማልኋት፤ እሷም ምላለች፤ አልተናገረችምም።

ምን እንደምይዝ የነገረኝ ደግሞ አብሮኝ የሚሠራ ግሪካዊ ሽማግሌ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ነገሩን ሳነሣለት ሳንድዊቹን አስቀመጠ።

"ጎማ ያለው ደረቅ ሻንጣ እንዳትይዝ" አለኝ። "የመኪናዋ የኋላ እቃ መጫኛ ከምሳ እቃህ አይበልጥም። እንደ ድመት የሚተጣጠፍ ቦርሳ ያዝ። የወረቀት ካርታ ያዝ፤ ተራራው ላይ ስልክህ ድንጋይ ነው። የባሕሩ ዳር ጠጠር ነውና ውኃ የሚገባበት ጫማ ያዝ። መነጽር ያዝ፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ ስትነዳ ፀሐይዋ ዓይንህ ውስጥ ትገባለች። ደግሞ እዚያ የሚነዳው በቀኝ ነው። ፍየል መንገድ ላይ ቆሞ ካየህ ጥሩንባ አትንፋ፤ ፍየሉ ከአንተ በፊት እዚያ ነበር።"

ሁሉንም በወረቀት ጻፍሁት። ማታ ማታ እያንዳንዱን ሚዛን ላይ እሰቅል ነበር። በእትዬ ማንተግቦሽ ቤት ጨው ሊያልቅ ይችላል፤ የሻንጣ ሚዛን ግን አይጠፋም። የመኪና ስልክ መያዣው ዘጠና ግራም፣ ጫማው ሦስት መቶ አርባ፣ ለተራራው ብርድ የሚሆነው ጃኬት አምስት መቶ። አንዱን ሳወጣ ሌላውን ሳስገባ ልክ ስድስት ኪሎ ከስምንት መቶ ላይ ቆመ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ያበላሸሁት ራሴ ነኝ። ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ትኬቴን በወረቀት አትሜ ለጋሼ ስዩም ሰጠሁ። ጋሼ ስዩም የጸሎት ቡድናችን መሪ ናቸው። በቤተ ክርስቲያናችን መንገደኛ ፓስፖርቱን ወይም ትኬቱን ያመጣል፣ እጅ ተጭኖበት ይጸለያል። ሳያስጸልይ የሄደ ሰው ሻንጣው ቢጠፋ እንኳ የሚያዝንለት የለም።

"ጋሼ፣ በጓዳ ይሁን" አልኋቸው።

"በጓዳ ነው፣ ልጄ" አሉና ትኬቱን አጥፈው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ከተቱት።

እሑድ ማይክሮፎኑን ይዘው ቆሙ።

"ወንድማችን ሮቤራ ወደ ግሪክ አገር ይሄዳል!" አሉ። "ወደ ቀርጤስ! ጳውሎስ ቲቶን ወደ ተወባት ደሴት! ተመልከቱ፣ ይህ ዝምተኛ ልጅ ለማንም ሳያወራ፣ ጌታ በልቡ ያስቀመጠውን ሸክም ይዞ ሊነሣ ነው!"

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። አልፈርድባቸውም። ከእኛ መካከል ግሪክ ለመዝናናት የሄደ ሰው የለም። ሰው የሚሄደው ለሠርግ ነው፣ ለለቅሶ ነው፣ አለዚያ ለአገልግሎት ነው። ግሪክ ውስጥ ሠርግም ለቅሶም እንደሌለብኝ ሁሉም ያውቃል። የቀረው አገልግሎት ነው። ሃያ እጅ ራሴ ላይ ሲጫን አፌን ከፈትሁ፤ መልሼ ዘጋሁት።

ሰኞ ከሺፍት ስመለስ በሬ ላይ ሦስት ፌስታል ተቀምጧል። ማክሰኞ ስምንት ሆነ። ሁሉም ግሪክ ላለ ዘመድ ነው፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የልጆች ልብስና ጫማ፣ የጉልበት ቅባት። አንዱ ቤተሰብ በባትሪ የሚሠራ የድምፅ ማጉያ አመጣ፤ "አደባባይ ላይ ያስፈልግሃል" ብለው ጽፈውበታል። እኔ ለሰው "ይቅርታ፣ ወንበሩ ተይዟል?" ለማለት እንኳ አውቶቡስ ውስጥ ሦስት ፌርማታ የማስብ ሰው ነኝ።

የተለማመድኋት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ፤ ለሁሉም እሷኑ መለስሁ። "ይቅርታ፣ የተፈቀደልኝ ሰባት ኪሎ ብቻ ነው።"

ሐሙስ ጋሼ ስዩም ደወሉ። "ደስ ይበልህ! ጌታ በር ከፈተ! ሠላሳ ኪሎ ከፍለን ጨመርንልህ!"

የትኬቱ ቁጥር እኮ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ነበር።

ያን ቀን ማታ እትዬ ማንተግቦሽ ትልቁን ጥቁር ሻንጣ ሳሎን መሃል ዘርግተው ጠበቁኝ። ሆሳዕና ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ትነካካለች።

"አንተ ልጅ፣ ና ያዝልኝ፤ ሚዛኑ ይወዛወዛል" አሉኝ። ያዝሁላቸው። "ይኼ የአባይነሽ ነው። የእህቴን ልጅ ታውቃታለህ አይደል? ተሰሎንቄ ናት። አምስት ዓመት ሙሉ ከዘመድ እጅ ምንም ነገር አልደረሳትም። ከቀርጤስ ተሰሎንቄ በመኪና ስንት ሰዓት ነው?"

"ባሕር አለ፣ እትዬ። ቀርጤስ ደሴት ናት።"

"ጳውሎስም ባሕር ነበረበት።"

"ጳውሎስ መኪና አልተከራየም" አልሁ በአፌ ውስጥ። ሆሳዕና በትራስ አፏን ያዘች።

"ምን አልህ?"

"ምንም።"

"ማሚ፣ ሆሊዴይ ነው የሚሄደው!" አለች ሆሳዕና። "ጀስት ሆሊዴይ!"

"ማንን ሊያይ?"

"ኖባዲ!"

እትዬ ማንተግቦሽ ሚዛኑን አወረዱ። "ማንንም ሊያይ ካልሆነ ታዲያ ለምን ይሄዳል?"

ጥያቄው የእኔ ነበር። እንድመልስ ሁለቱም አዩኝ። ሻንጣውን አየሁ። እትዬ ማንተግቦሽ ዝምታዬን እንደ ሁልጊዜው እሺታ አድርገው ቆጠሩት፤ ጎንበስ ሲሉ ወንበር ላይ የተሰጣውን ሰማያዊ ቁምጣዬን አዩ።

"ይኼስ ምንድን ነው?"

"የዋና ቁምጣ ነው" አልሁ።

"ለአገልግሎት?"

"ለማጥመቂያ ነው፣ ማሚ" አለች ሆሳዕና።

"እ! እሱስ ያስፈልጋል" አሉና አጥፈው ሰጡኝ።

ቅዳሜ ትርፍ ሰዓት ሠርቼ ስመለስ ክፍሌ ተከፍቷል። እንደ ድመት የሚተጣጠፈው ቦርሳዬ አልጋው ላይ ተወጥሮ ቆሟል። ዚፑን ስከፍተው ሽሮ ነው። የእኔ ነገሮች፣ አንድ በአንድ የመዘንኋቸው ሁሉ፣ በአንድ ፌስታል ታጭቀው መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

"ያንተማ ጥቂት ስለሆነ ፌስታል ይበቃዋል ብዬ ነው" አሉኝ እትዬ ማንተግቦሽ ከበሩ። "ጋሼ ስዩምም መጥተው ነበር፤ መንገድህን አስተካክለውልሃል።"

ካርታዬ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ጋሼ ስዩም በቀይ እስክሪብቶ ስድስት መስቀል አድርገውበታል፤ አቴንስ ሦስት፣ ተሰሎንቄ ሁለት፣ ፓትራስ አንድ። ከየመስቀሉ ጎን ስምና ስልክ ቁጥር አለ። ቀርጤስ ላይ አንድም መስቀል የለም። በዙሪያዋ ያለው የሰማያዊው ባሕር ስፋት ስለተመቻቸው ግን የተቀባዮቹን አድራሻ ሙሉውን እዚያ፣ ደሴቲቱ ላይ እስኪደርስ፣ ጽፈውታል። ያ መንገድ፣ ከተራራው ጋር የሚታጠፈው፣ ከአንድ የቤት ቁጥር ሥር ገብቶ ጠፍቷል።

ካርታውን አጠፍሁት። አልተቆጣሁም። ቦርሳዬን ገለበጥሁና ሽሮውን አወጣሁ። ከዚያ ማርከር ይዤ በየፌስታሉ ላይ የባለቤቱን ስም፣ ሳልሳሳት፣ በትልልቅ ፊደል ጻፍሁ። ሲመሽ ሆሳዕና መጣችና ሳትጠየቅ ፌስታል ታቀብለኝ ጀመር።

"ነገ ማይክ ይሰጡሃል" አለችኝ። "ዩ ኖው ዛት፣ ራይት?"

"አውቃለሁ።"

"ምን ልትል ነው?"

የጻፍሁትን የእቃ ዝርዝር ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋት። አነበበችው፤ ቀና ብላ አየችኝ። "ኦ፣ ሮቤ" አለች። "ፕሊስ፣ ዱ ኢት።"

እሑድ ፌስታሎቹን ሁሉ በእትዬ ማንተግቦሽ መኪና ጭኜ ወስጄ አዳራሹ ውስጥ፣ ከኋላ ግድግዳው ላይ አስደግፌ ደረደርኋቸው። ሰዉ ለማስባረክ ያመጣሁት መስሎት አለፈው። ከዝማሬው በኋላ ጋሼ ስዩም ጠሩኝ።

"ረቡዕ ይበርራል። ከመሄዱ በፊት ቃል ይስጠን። ሮቤራ፣ ጌታ ምን ይዘህ እንድትሄድ ነገረህ?"

ማይክሮፎኑ ከጠበቅሁት ይከብዳል። ወረቀቱን ስዘረጋው በማይክሮፎኑ ውስጥ እንደ ዝናብ ጮኸ።

"የምይዘው ይህ ነው" አልሁ። "መንጃ ፈቃድ።"

"አሜን!" አለ ሕዝቡ።

"ዓለም አቀፉ የመንጃ ፈቃድ ወረቀት።"

"አሜን!"

"ካርታ። አዲስ።"

"አሜን! ተባረክ!"

"የመኪና ስልክ መያዣ። ሁለት ሱሪ። ሦስት ከነቴራ። ለተራራ የሚሆን ጃኬት።"

"አሜን" አሉ፤ አሁን ግን ጥቂቶች ናቸው።

"የፀሐይ መነጽር" አልሁ። "ኮፍያ። ለጠጠር የሚሆን ጫማ። የዋና ቁምጣ።"

ከኋላ አንዲት ድምፅ ብቻ "አሜን!" አለች። ሆሳዕና ናት።

ጋሼ ስዩም ፈገግ ብለው ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አሉ። "ወንድማችን ትሑት ነው። አገልግሎቱን መናገር..."

"ትሕትና አይደለም፣ ጋሼ" አልሁ። "ሽርሽር ነው።"

ድምፄ በአራቱም ማዕዘን ሲመለስ ሰማሁት። የእኔ አልመሰለኝም፤ ግን የእኔ ነው። ስለዚህ ቀጠልሁ።

"ማንም አልላከኝም። የምጠይቀው ሰው የለም። ባለፈው ሳምንት መናገር ነበረብኝ፣ ዝም አልሁ፤ ለዚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለመሄዴ ግን ይቅርታ አልጠይቅም። መኪና ተከራይቻለሁ። ዘጠኝ ቀን እነዳለሁ፤ ደስ ያለኝ ቦታ እቆማለሁ። የሰጣችሁኝ ሁሉ ከኋላ ግድግዳው ጋ ነው፤ ስማችሁ ተጽፎበታል። አንድም አልጎደለም።" ትንሽ አሰብሁና ጨመርሁ። "ጫማው ሁለቱም እግር አለ።"

አንድ ሰው ሳቀ፤ ቶሎም ሳቁን በሳል ሸፈነው። ከሴቶቹ በኩል ግን አንዲት ድምፅ ተነሣች። "ጉድ ነው! ፎርክሊፍት ነጂ ለሽርሽር አውሮፓ!"

"አዎ" አልሁ። "ፎርክሊፍት ነጂ።"

ጋሼ ስዩም ማይክሮፎኑን በእጃቸው ሸፈኑ። ፊታቸው ቀልቷል። "ሠላሳው ኪሎስ?" አሉኝ በሹክሹክታ። "ባዶውን ሊሄድ ነው?"

"ባዶውን ይሂድ፣ ጋሼ። ይህ ደግሞ የእርስዎ ነው።" በቀይ የተጻፈበትን ካርታ ሰጠኋቸው። ሌላ ቦታ ስላጡለት መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ፣ ትኬቴ አጠገብ ከተቱት።

ወደ ቤት ስንመለስ የነዳሁት እኔ ነኝ። እትዬ ማንተግቦሽ አጠገቤ ተቀምጠዋል። የአባይነሽን ጥቅል ከግድግዳው ጋ አንሥተው እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ ይዘውታል።

"በሰው ፊት አሳፈርኸኝ" አሉ የመጨረሻው ቀይ መብራት ላይ ስንቆም።

"እኔም ሳምንቱን ሙሉ አፍሬ ነበር፣ እትዬ።"

"አባይነሽ ምን አጠፋች?"

"ምንም። ነገ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ። አድራሻውን እኔ እጽፈዋለሁ፤ ይደርሳታል።"

"መድረሱንማ ይደርሳል" አሉ። ጥቅሉን በጣታቸው ተጫኑት። "ፖስታ አቅፎ አይስምም።"

ይህን እንደሚሉ አውቅ ነበር። እውነትም ነው፤ በእኛ ዘንድ እቃ የሚላከው ለእቃው ብሎ አይደለም፣ ይዞት ለሚመጣው ሰው ትከሻ ነው። ለዚህ ነው እምቢ ማለት የሚከብደው። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

"እኔም ፖስታ ቤት አይደለሁም፣ እትዬ" አልሁና ነዳሁ።

ሰኞ ጥቅሉን ላክሁት። ተሰሎንቄ የሚለውን ሁለት ጊዜ አረጋግጬ ጻፍሁ። ደረሰኙን የቡና ስኒዎቻቸው አጠገብ አስቀመጥሁላቸው፤ ማታ ሳየው ተነሥቷል። እስከ ማክሰኞ ድረስ ግን ከሰላምታ በቀር አላናገሩኝም። ሆሳዕና ብቻ በመጣች በሄደች ቁጥር "አሜን፣ የዋና ቁምጣ" እያለች ታልፋለች።

ረቡዕ ጠዋት ቦርሳዬን ሳሎን ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ሚዛን ላይ ሰቀልሁ። እትዬ ማንተግቦሽ ከክፍላቸው ወጥተው ቁጥሩን በትከሻዬ ላይ አዩት። ስድስት ኪሎ ከስምንት መቶ።

"ሁለት መቶ ግራም ይቀርሃል" አሉ። ቀኝ እጃቸው የሹራባቸው ኪስ ውስጥ ነበር።

"አውቃለሁ፣ እትዬ።"

"ባዶውን ሊሄድ?"

"ባዶውን።"

ቆሙ፤ ቆምሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከዚያች ኪስ የሚወጣውን ሳላይ ቦርሳዬን እከፍት ነበር። አሁን ዚፑን በሁለት ጣቴ ይዤ እስከ ዳር ዘጋሁት። እሳቸውም እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ባዶ ነው። ኪሳቸው ውስጥ ምን እንደነበረ አልጠየቅሁም።

"በቀኝ ነው የሚነዳው አሉ" አሉኝ። "እንቅልፍ ይዞህ በግራ እንዳትወጣ።"

"እሺ፣ እትዬ።"

"ማንም በሌለበት አገር" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደ ማድቤት ገቡ።

አየር ማረፊያው ባንኮኒ ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርቴን አየች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ ከዚያ እግሬ አጠገብ ያለውን ወለል አየች።

"ሠላሳ ኪሎ ሻንጣ ተመዝግቦልሃል" አለችኝ። "የት አለ?"

"የለም።"

"ቤት ረሳኸው?"

"አልረሳሁም። የለኝም።" ቦርሳዬን ከትከሻዬ አውርጄ አሳየኋት። "ያለኝ ይህ ብቻ ነው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ አለ። ሁልጊዜ ሰልፍ ሲኖር ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

"እርግጠኛ ነኝ!" አልሁ። ሰልፉ ግማሹ ዞሮ አየኝ። ይየኝ።